ሥራ ፈት የተባለው መንገድ

ስሙን የማልነግራችሁ ከተማ አለ። የደበቅሁት ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ሹም በተለወጠ ቁጥር የከተማውም ስም ስለሚለወጥ፣ የዛሬውን ብነግራችሁ ነገ ሐሰተኛ እሆናለሁ ብዬ ነው። በዚያ ከተማ መሐል የጥንት ነገሥታት መቅደስ ነበር። ረጅም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ጌጥ የማያውቅ ቤት ነው። በውስጡ ለእያንዳንዱ ንጉሥ አንድ ጠባብ ክፍል፣ በክፍሉም የንጉሡ ስም የተቀረጸበት አንድ እንጨት አለ። ሥጋቸው የት እንዳረፈ የሚያውቅ የለም፤ ነፍሳቸው ግን በየዓመቱ መኸር ሲገባ መጥታ በስሟ እንጨት ላይ ታርፋለች ይባላል። ደጉም ንጉሥ ክፉውም ንጉሥ የተሰጠው እኩል ክፍልና እኩል እንጨት ነው። እኔ በበኩሌ ከመቅደሱ ሁሉ የምወደው ይህን ነበር።

ከከተማው በር እስከ መቅደሱ ደጃፍ ሦስት የድንጋይ መንገዶች ጎን ለጎን ተነጥፈዋል። የግራውና የቀኙ የሕያዋን ነው። መካከለኛው፣ ከሁለቱ ትንሽ ከፍ ያለው፣ የሙታኑ ነው። ገበያው ከመቅደሱ አጠገብ ስለሆነ ሕዝቡ ጧት ማታ በዚያ ይመላለሳል፤ መካከሉን የሚረግጥ ግን የለም። ሙሽሮች ሲመጡ ወንዱ በግራ ሴቷ በቀኝ ሆነው እየተያዩ ይሄዱና ደጃፉ ላይ ይገናኛሉ። የተጣሉ ሰዎች ሲኖሩ ሽማግሌዎች አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ አቁመው ያነጋግሯቸዋል። ሙታን በመሐል እያለፉ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ባለጌ ስላልነበረ፣ ዳኛ ያቃተው ስንቱ ጠብ እዚያ በርዷል።

የዚህ መንገድ ጠባቂ ወይዘሮ ይርገዱ ትባላለች። ጥበቃውን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ሴትየዋ ቁጡ ናት፤ እንግዳ ሰው ወይም ከገበያ ያመለጠ በግ ወደ መካከሉ ሲያዘነብል «በግራ! በቀኝ!» ብላ ስትጮህ በጉ ቀርቶ ባለቤቱ ይደነግጣል። መንገዱን የምትጠርገው እንኳ ሳትረግጠው ነው። እጀታው ከቁመቷ በሚበልጥ የቀርከሃ መጥረጊያ ግማሹን ከግራ ቆማ፣ ግማሹን ከቀኝ ቆማ ትጠርገዋለች። ከተማውን ጥጋ ጥጉን ስትረግጥ ያደገች ሴት ስትሆን እግሯ ያልነካው መሬት እሱ ብቻ ነበር። ለምን እንዲህ እንደምትሳሳለት የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ፣ «ሁሉንም ነገር የእኛ አደረግነው እኮ! አንዲት የእኛ ያልሆነች ነገር ብትኖር ምን አለበት?» ትላለች። ከዚህ የበለጠ አታብራራም፤ ማብራራት ራሱ ያናድዳታል።

እንግዲህ ረጃጅም ማማዎች መጡ። የስፋት ቢሮ የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ነበር፤ ሥራው ከተማውን ማስፋት ነው። ከተማው በተራራ ስለተከበበ ግን ወደ ጎን መስፋት አልቻለም፤ ስለዚህ ወደ ላይ ሰፋ። ከመቅደሱ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ማማ ቆመና «የነገሥታት እይታ» ተባለ። «መስኮትዎን ሲከፍቱ ታሪክ ከእግርዎ ሥር!» እያሉ ክፍሎቹን አከራዩ። የማማው ጥላ ከቀትር በፊት በመቅደሱ ላይ ስለሚወድቅ ተከራዮቹ ታሪክ አይታየንም ብለው አማረሩ። ቢሮው ወዲያው መፍትሔ አገኘ፤ በመቅደሱ ጣሪያ ላይ ቀን የሚበራ አምፖል ተከለ። ይርገዱ አምፖሉን በመጥረጊያዋ እጀታ ሰበረችው። ሌላ ተከሉ። እሱንም ሰበረችው። በመጨረሻ እጀታው የማይደርስበት ቦታ ሰቀሉት።

ቀጥሎ ለማማው ተከራዮች መኪና ማቆሚያ አስፈለገ። የስፋት ሹሙ መጣ። ይህን ሰውዬ አንቱ እያልኩ እንድተርክላችሁ አትጠብቁ፤ አንጀቴ አይችልም። ትሑት ሰው ነው፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያናግራችሁ። ከጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ቅኝቱ ሁሉ እንብላው እንብላው ነው ይባል የለ፣ እሱም ምንም ቢያወራ መጨረሻው መሬት ነው።

«ወይዘሮ ይርገዱ፣ ይቺ የመሐሏ መንገድ የማን ናት?» አላት።

«የነገሥታቱ።»

«ይሄዱባታል?»

«ለእነሱ አይደል የተሠራችው!»

«ያያቸው ሰው አለ?»

«ሙታን እኮ ናቸው ጌታው። ቢታዩማ በግራና በቀኝ ሂዱ እላቸው ነበር።»

ሹሙ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በትሕትና አስረዳት። አዲስ ሕግ ወጥቷል፤ የሥራ ፈት መሬት ሕግ ይባላል። እግር የማይረግጠው መሬት ሥራ ፈት ነው፤ ሥራ የፈታ መሬት ደግሞ ሥራ ወዳለበት ወደ ስፋት ቢሮ ይዛወራል። ቢሮው ፍትሐዊ ስለሆነ ግን ዝም ብሎ አይወስድም፤ እስከ መኸር መጨረሻ ታዛቢዎች ያስቀምጣል። በመንገዱ ላይ ሰው ሲሄድ ካዩ መንገዱ ይተርፋል።

ታዛቢዎቹ ወንበራቸውንና ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ፤ በግራውና በቀኙ መንገድ ዳር ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ ባዶውን ድንጋይ ሲያዩ ይውላሉ። የነገሥታቱ መምጫ በዓል ደርሶ ካህናቱ መለከት ሲነፉ፣ ሕዝቡ በግራና በቀኝ ቆሞ አንገቱን ሲደፋ፣ ይርገዱም ዓይኖቿን ጨፍና ሙታኑ ባጠገቧ ሲያልፉ እንደ ልማዷ እንባዋ ሲወርድ፣ ታዛቢዎቹ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱና «የሄደ የለም» ብለው መዘገቡ። አንደኛው ለጓደኛው ትንሽ ነፋስ ነበር አለው። ነፋስ እግር የለውም ብሎ ጓደኛው አላስጻፈውም።

ይርገዱ ታናሽ ወንድም አላት፣ ልሳኑ ይባላል። በገበያው ጫፍ ሸማ ዘርግቶ የሚሸጥ፣ አንደበቱ የቀና፣ ሰው የሚወደው ሰው ነው። በዓሉ ባለፈ ማግስት ሽማግሌዎችን አስከትሎ ቤቷ መጣ።

«እትዬ፣ መላ አግኝቻለሁ» አላት። «እግር ካዩ አንወስድም ብለዋል አይደል? እግር እናሳያቸዋለና! ሕዝቡ ሁሉ በመካከሉ ይሂድ። ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። መኸሩ እስኪያልቅ።»

«ምን አልክ አንተ?»

«ለማዳን እኮ ነው።»

«ሰው እንዳይረግጠው የሚጠበቅን መንገድ በሰው አስረግጠህ ልታድነው? የአባታችን ልጅ ነህ ወይስ ሌላ ያመጣህ ነገር አለ?»

«እሺ፣ ሌላ መላ ካለሽ አምጪ።»

በይርገዱ ላይ የደረሰው ተረቱ ነው፤ ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ካልተረገጠ መኪና ይቆምበታል፤ ከተረገጠ የሙታን መንገድ መሆኑ ያበቃል። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ለመኗት። ሙታን ችግራችንን ያውቃሉ፣ ይቅር ይላሉ አሏት። አንደኛው ደግሞ ነገሥታት ለሕዝባቸው ሲሉ ያልሆኑት የለም፣ ለጥቂት ቀን ዳር ይዘው ቢሄዱ አይቀየሙም አለ። በመጨረሻ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ የከተማው ሰው ግን እሷ ካልጀመረች አንረግጥም አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእሷን ጩኸት ፈርተው የኖሩ ናቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሕዝቡ በግራና በቀኝ ተሰበሰበ። ይርገዱ ጫማዋን አወለቀችና አንድ እግሯን አነሳች። መሬቱ ይከፈታል፣ ወይም እግሯ ይደርቃል፣ ወይም ቢያንስ የአባቷ ድምፅ ይገስጻታል ብላ ጠብቃ ነበር። ረገጠች። ድንጋይ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ድንጋይ። ምንም አልሆነም፤ ያ ምንም አለመሆኑ ነው አንጀቷን የቆረጠው። ቢቀጧት ትመርጥ ነበር። ወደ ኋላ ስታይ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ እየተከተላት ነበር፤ ልሳኑ ከፊት ሆኖ ያጨበጭባል፤ ታዛቢዎቹም ከወንበራቸው ተነስተው እግር፣ እግር፣ እግር እያሉ ይጽፋሉ።

መኸሩ አለቀ። ቢሮው ቃሉን አክብሮ መካከለኛው መንገድ ሥራ ያለው መሆኑን በአዋጅ አስነገረ። እልል ተባለ። ይርገዱም ከእልልታው በኋላ ድንጋዩን አጥባ፣ መጥረጊያዋን ይዛ፣ በማግስቱ ቦታዋ ላይ ቆመች። የመጀመሪያው ገበያተኛ በመካከሉ መጣ።

«በግራ! በቀኝ!» ብላ ጮኸች።

ሰውዬው ፈገግ አለ። «ምነው እማማ፣ እኛ አይደለን ያዳንነው?» ብሎ አለፈ። ሁለተኛው «ይሄኛው ለእግር ይስማማል» አላት፤ እውነቱን ነው፣ ድንጋዩ ማንም ስላልረገጠው ሳይበላ ቀርቷል። ሦስተኛዋ ሴት ጨርሶ አልሰማቻትም። ከዚያ ወዲያ ይርገዱ እስኪደክማት ጮኸች፣ ተሳደበች፣ መጥረጊያዋን አጋድማ ቆመች። ሰው በመጥረጊያው ላይ ተራመደ። ሙሽሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው በመካከሉ መሄድ ጀመሩ። የተጣሉትም እዚያው መካከል ላይ ደረት ለደረት እየተጋፉ ይጮሁ ጀመር፤ የሚያፍሩት ሦስተኛ ወገን የላቸውማ! እኔ እስከ ዛሬ የማይገባኝ ይኸው ነው፤ አንድ ሕዝብ ለጥቂት ቀን ብሎ የጣለውን ነገር ተመልሶ ሲያነሳ አይቼ አላውቅም።

ሁሉም በመካከሉ ሲሄድ የግራውና የቀኙ መንገድ ባዶ ሆነ። ወፍ ብቻ ትዘልበታለች። የስፋት ሹሙ አንድ ቀን ሊጎበኝ መጣና አየ፤ አየና ወደ ቢሮው ተመለሰ። በሳምንቱ ታዛቢዎቹ ወንበራቸውን ይዘው ተመለሱ፤ አሁን ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ዳርና ዳር ነው። እግር የለም። ሕጉ ግልጽ ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንዲሉ፣ ሕዝቡ በገዛ ራሱ ላይ አሳጠረ፤ ቢሮው አንዱን ለምኖ ሁለቱን ወሰደ። የቀኙ የማማው መኪና ማቆሚያ ሆነ። በግራው ላይ ሱቆች ተሠሩ፤ ቢሮውም መንገዱን በማዳን ላደረገው አስተዋጽኦ ምስጋና ይሆነው ዘንድ የመጀመሪያውን ሱቅ ለልሳኑ ሰጠ።

ይርገዱ የሱቁን በር ስታይ መጀመሪያ አላመነችም። ወንድሟ በመስታወት ውስጥ ሸማ እየሰቀለ ነበር።

«ይህ የቆምክበት የሕያዋን መንገድ ነበር» አለችው።

«ነበር እኮ ነው እትዬ! እኔ ባልወስደው ሌላ ይወስደው የለ?»

«ሌላ ይውሰደው! ሌባ ቤታችንን ከዘረፈ እኛም ድርሻ ይኑረን ነው የምትለው?»

ልሳኑ ተቆጣ። «አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ባዶ ነገር ስትጠብቂ ኖርሽ። ምን አተረፍሽ? እኔ ልጆች አሉኝ።» ይርገዱ ጥላው ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በበሩ ስታልፍ ፊቷን ታዞርበታለች፤ ማለፍ ግን ግድ ነው፣ ያውም በመካከሉ፤ ሌላ መንገድ አልተረፈላትም። ያን ድንጋይ ለመጥረግ እንኳ የምትቆምበት ዳር ስላልነበራት መጥረጊያዋን አልጋዋ ሥር ጣለችው። በየቀኑ የምትረግጠውን እየረገጠች፣ በየቀኑ እየተቃጠለች ዓመቱ ዞረ።

መኸር ሊገባ ሲል ወደ ስፋት ቢሮ ሄደች። «ነገሥታቱ ሊመጡ ነው። በየት ይግቡ?» አለችው ሹሙን።

ሹሙ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አላት። «በመካከለኛው መንገድ ይግቡ፤ ማንም አይከለክላቸውም። በእኛ ዘመን ንጉሥና ገበሬ በሕግ ፊት እኩል ነው። ሰልፍ ካለ ግን እንደማንኛውም ዜጋ ተራቸውን ይጠብቁ። ጧት ማልደው ቢመጡ ግፊያው ይቀንስላቸዋል።»

ይርገዱ ሰውዬውን አየችው። ያሾፈ መስሏት ነበር፤ አላሾፈም። ይህን ስታውቅ ብድግ ብላ ወጣች።

በበዓሉ ዕለት፣ ገበያው ሊደራ ሲል፣ በመካከለኛው መንገድ ላይ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ተገኘ። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ንፍሮ በሰፌድ ቀርቧል፤ ይርገዱ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፊት ተቀምጣለች። በዚያ ከተማ የለቅሶ ድንኳን መንገድ ላይ ቢተከል ማንም አይነካውም፤ መንገደኛ ዞሮ ይሄዳል፣ ወይም ገብቶ ይቀመጣል። መዞሪያው ግን በአንድ በኩል ሱቅ፣ በሌላው መኪና ሆኗል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ መግባት ነበረበት። ገበያተኛው ሸክሙን ደጅ እያኖረ፣ «እግዜር ያጽናሽ» እያለ፣ እየገባ ተቀመጠ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ የለም፤ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። አንዳንዶቹ በይሉኝታ አለቀሱ። ልሳኑም ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ መጣ፤ ከዘመዶቻቸው ማን እንደሞተ በልቡ እያሰላሰለ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እኅቱ አላየችውም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች።

ከቀትር በኋላ የስፋት ሹሙ መጣ። ከተማው ቆሞበታል፤ የማማው መኪኖች መውጫ አጥተዋል።

«ወይዘሮ ይርገዱ፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው» አለ ከደጅ ሆኖ። «ሟቹን ማን እንበል?»

ይርገዱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ስም የሌለው ለቅሶ የለም። ሟች ከሌለ ይህ ድንኳን ሳይሆን መንገድ መዝጋት ነው፤ ላስነቅለው እገደዳለሁ።»

ይርገዱ ተነሳች። «ማን እንደሞተ ላሳይህ?» አለችው። «እነዚህን እያቸው! ሦስት መንገድ ነበራቸው። ሁለቱ የሕያዋን፣ አንዱ የሙታን። የሕያዋኑን ጥለው በሙታኑ ላይ የሚሄዱት ምን ሆነው ይመስልሃል? በሙታን መንገድ የሚሄደው ሙት ነው! ጧት ማታ አስከሬን ሲመላለስ እያየሁ ልቀመጥ ወይ? የሚያለቅስላቸው ሰው ሲጠፋ እኔው አለቀስኩላቸው። የጀመርኩትም እኔ ነኝ፤ ለራሴም ነው የተቀመጥኩት። ጻፍ! እግር፣ እግር እያላችሁ ትጽፉ አልነበር? ሁሉንም ጻፍ!»

አንዲት ሴት የዘገነችውን ንፍሮ መልሳ ሰፌዱ ላይ አፈሰሰችው።

ሹሙ አልተቆጣም። «ስድብ ለሟች ስም አይሆንም» አለ። «አንድ ሰው፣ በስሙ፤ ዘመድም ይመስክር። ሕጉ እንዲያ ነው። አለበለዚያ ችካሉን ንቀሉ!» ሠራተኞቹ ወደ ድንኳኑ ገመድ ሄዱ። አንደኛው ችካል ተነቀለና የድንኳኑ ጥግ በተቀማጮቹ ራስ ላይ ወደቀ። ማንም ከተቀመጠበት አልተንቀሳቀሰም፤ ይርገዱ አንዱን ካንዱ እያየች የሚያፍር ፊት ፈለገች።

«ተው» አለ አንድ ድምፅ ከጥግ። ልሳኑ ነው። ሸራውን ከራሱ ላይ ገፎ ተነሳ። «ሟቹ እኔ ነኝ። ልሳኑ እባላለሁ። ዘመድ ካስፈለገ እኅቴ ትመስክር።»

ሹሙ ከላይ እስከ ታች አየው። «በቁም ነገር ነው?»

«በቁም ነገር ነው።»

«እንግዲያው» አለ ሹሙ፣ ድምፁ እንደ ልማዱ ለስላሳ ሆኖ፣ «ሟች ሱቅ አይይዝም። ባለቤት የሌለው ሱቅ ሥራ ፈት ነው።» እጁን ዘረጋ። ሰዉ ሁሉ ልሳኑን አየ፤ ልጆች እንዳሉት ሁሉም ያውቃል። የልሳኑ እጅ ኪሱ ውስጥ ብዙ ቆየ። ቁልፉን አወጣና በሹሙ መዳፍ ላይ አኖረው።

ይርገዱ ያን ጊዜ ጮኸች። እስከዚያ ድረስ አልቅሳ አልነበረም፤ ተቆጥታ እንጂ። አሁን ደረቷን እየደቃች፣ ወንድሟን በልጅነት ስሙ እየጠራች፣ ወገቧን ይዛ አለቀሰች። ሕዝቡ አብሯት ተነሳና ሙሾው ድንኳኑን ሞላው። ሠራተኞቹ ያለ ማንም ትእዛዝ ችካሉን መልሰው መቱት። ሹሙ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ፊቱን አዞረና ሊሄድ አንድ እግሩን አነሳ።

«ወዴት?» አለችው ይርገዱ። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ለቅሶ ቤት መጥቶ ሳይቀመጥ የሚሄድ ማን ያሳደገው ነው? ግባ። ተቀመጥ!»

ሹሙ ዙሪያውን አየ። በደጅ የቆመው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል፤ ገለል ያለለት ሰው አልነበረም። ሠራተኞቹን አየ፤ እነሱም ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፍተዋል። ጎንበስ ብሎ ወደ ድንኳኑ ገባና በአግዳሚው ጫፍ፣ በሟቹ አጠገብ፣ ተቀመጠ።